ኦቦ ፈይሳን ያስቀበርኩበት ቃል

ማክሰኞ

ዛሬ ኦቦ ፈይሳን ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ አስቀበርኳቸው። አፈር የመለሱት ሌሎች ናቸው። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ጠዋት ከሶር ወንዝ አወጧቸው። አዳልጧቸው ነው ያለ አለ፣ ሆን ብለው ነው ያለ አለ። እሁድ ከሰዓት እኔ ቤት መጥተው እንደነበር ቄሱ አባ ገብሬ ሰምተዋል፤ በለቀስተኛው ፊት ምን አለህ አሉኝ። እኔም በአውራጃው ፍርድ ቤት የምስክር ቃል እንደምጽፈው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ «ነፍሴ የራሴ ናት፤ ብመልሳት ማን ይጠይቀኛል?» ብለውኛል አልኩ። በቃ፣ ፍትሐት ቀረ። ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ ቀና ብለው አዩኝ።

የተናገርኩት እውነት ነው። ታዲያ እኔ ለምን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም?

ረቡዕ

ቢሮ ውዬ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። ትናንት ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ኦቦ ፈይሳ አንድያ ልጃቸው በፋሲካ ሰሞን ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አያውቁም ነበር። እሁድ ሲመጡ የግራ ጫማቸውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርገው ነበር። እኔን ሁለቴ በልጃቸው ስም ጠሩኝ።

ይህን ማን ጠየቀኝ? ማንም። እኛ መሥሪያ ቤት ያልተጠየቀ አይጻፍም። አሥር ዓመት በዚህ ደንብ ኖሬ ጭንቅላቴም መዝገብ ሆኗል።

ደግሞ የመለስኩላቸው መልስ። «ነፍስ አደራ ናት፣ ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩ» ብዬ ገሠጽኳቸው። በሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው! ሃይማኖቱስ የሚለው ይህንኑ ነው፣ አልተሳሳትኩም። ግን ይቀመጡ እንኳ አላልኳቸውም። ለሰኞ የሚደርስ ግልባጭ ነበረብኝና ብዕሬን አነሣሁ። ትንሽ ቆመው ሄዱ።

ሐሙስ

ማለዳ አባ ገብሬ ዘንድ ሄድኩ። የጫማውንም፣ የልጁን ስምም ነገርኳቸው። አእምሮው የታወከ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቆጠርም፣ ፍትሐት ይገባዋል አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠሉ። ማክሰኞ ደህና ሰው አስመስለህ ነገርከኝ፣ ዛሬ ታውኮ ነበር ትላለህ፣ በምን አወቅህ?

ከራሴ አልኳቸው።

ጠላት በወጣ በዓመቱ ባለቤቴ በወሊድ ሞታብኝ እኔም ሶር ዳር ቆሜ አውቃለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለንስሐ አባቴም። ነፍስ አደራ መሆኗ ያን ጊዜ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ዳዊት በየቀኑ እደግም ነበር። ግን የገዛ እጄ የኔ አይመስለኝም ነበር። ነገርኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባ ገብሬ መስቀል አሳለሙኝ። በለቀስተኛ ፊት ያልከውን በለቀስተኛ ፊት አስተካክል፣ የራስህን ግን የመናገር ግዴታ የለብህም አሉ።

ዓርብ

ለቅሶ ቤት ገባሁ። የጫማውንና የስሙን ነገር በአማርኛ ጀመርኩ፤ ከዳሪሙ የመጡት የኦቦ ፈይሳ ዘመዶች እንዲሰሙት በቋንቋቸው ደገምኩት። አንድ ሽማግሌ፣ አንተ ሐኪም ነህ? በምን አወቅህ? አሉኝ። አባ ገብሬ በዓይናቸው ተው አሉኝ። አልተውኩም። የራሴን ተናገርኩ።

አጠገቤ የነበረው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ። ሰኞ ወሬው ከኔ ቀድሞ ቢሮ ይገባል። ይግባ።

ሽማግሌዎቹ ከአባ ገብሬ ጋር ተንሾካሹከው ተስማሙ። ፍትሐቱ እሁድ፣ ከሞቱ በሰባተኛው ቀን ይደረጋል።

ልወጣ ስነሣ እትዬ ጫልቱ፣ አንተን ከሶር ማን መለሰህ አሉኝ። ከቡሬ ገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ናት አልኩ። የአህያዋ ጭነት ተንሸራቶባት እስኪ አጫነኝ አለችኝ፣ አጫንኳት፣ እያወራችልኝ አብረን እዚሁ መቱ ገባን። ሌላ ምንም የለም። አልገሠጸችኝም፣ አልመከረችኝም።

እሳቸውም ረጋ ብለው፣ «ፈይሳም አንተ ቤት የመጣው ይኸን ፈልጎ ነበር» አሉኝ።

ይቅር በሉኝ እንኳ ሳልል ወጣሁ። ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ፣ ካስገቡኝ።