የእናንተ አገር እረፍት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማዬ ከጉልበቷ፣ እኔ ከምላሴ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እንደሄድክ ሰሞን «ሥራዬ ቅርብ ነው» ስትለኝ በእግርህ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እዚያ ኖሮ የተመለሰው ጎረቤታችን ሹፌሩ ግን ሳቀብኝ። እናንተ ዘንድ ቅርብ የሚባለው ባቡር የሚያቀያይር ነው አሉ! እኛ ጋ ቅርብ ማለት ጮክ ብለው ሲጣሩ የሚሰማበት ነው። ሌላስ ምን ቃል ተቀይሮባችሁ ይሆን እያልኩ ስገረም ሰነበትኩ።

እረፍት እንኳ ይለያያል ማለት ነው። እዚህ ስፌት ቤት እረፍት ማለት ሻይ እስኪያልቅ ነው፤ ትንሽ ካለፈ አለቃችን ጉሮሮውን ይጠራርጋል። አንተ ግን ክረምቱ ሳይገባ «እረፍት ላይ ነኝ» አልከኝ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ባለፈው እሑድ ስትደውልም ያው እረፍት ላይ ነህ። የእናንተ አለቃ መቼም እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው! እማዬማ «ልጄን ምን ያህል ቢወዱት ነው» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። ምላሴን ታውቀው የለ? እሱን ነክሼ ሻይዋን እቀዳላታለሁ።

ሰው ርቆ ሲሄድ የስፌት መኪናውን መዘውር የሚያዞረውን ቺንጋ ፈትተን እንደምናስቀምጥ አትረሳም። ያንተን ትናንት መልሼ አስገባሁት፤ ዘይትም አጠጣሁት። አለቃችን «ማን ሊሰፋበት ነው?» ቢለኝ «ዝገት እንዳይበላው ብዬ ነው» አልኩት። ወንበርህ ላይም ጨርቅ እንዳይከምሩ ከልክያለሁ።

የሁላችንም ሰላምታ ከደጃፍህ ይድረስ። መንገዱ እንደሆን፣ በእኛ አነጋገር፣ ቅርብ ነው።

እህትህ