የስንቁ ሳጥን ቁልፍ

ዘመኑ፣

አዲሴን ተሸክሜ ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። ከጆሮው የሚወርደው ደም አልቆመም።

የስማዳ መንገድ ተዘግቶ ከቤተሰብ የሚላክልን ስንቅ ከቀረብን ጀምሮ የዚህ የተማሪ ቤት አለቃችሁ እኔ ነኝ።

አዲሴ ፍራሽ ስር ያገኘኸው በሶ የተሰረቀ አይደለም፣ የራሱ ድርሻ ነው። የንስሐ አባቱ ያዘዙትን ጾም ይዞ በቀን አንዴ ብቻ ስለሚበላ የተረፈውን ያስቀምጣል። ጾሜን አላወራም ብሎ፣ በዱላ ስትቀጠቅጠው እንኳ አልተናገረም።

እኔ ግን ሲያስቀምጥ አይቼዋለሁ።
ሁላችሁም «ሌባ» እያላችሁ ስትጮሁ ዱላው ወደ እኔ እንዳይዞር ፈርቼ «በለው» አልኩህ።

አከራያችን እትዬ ጌጤ ሳይመጡ ደሙን እጠበው። የስንቁ ሳጥን ቁልፍ መስኮቱ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ለትንሾቹ ስፈርላቸው።

ዱላውን ይዤዋለሁ። ማን መታው ሲሉኝ «በለው ያልኩት እኔ አለቃቸው ነኝ» እላለሁ።
ያንተን ስም አልጠራም፤ ራስህ መጥተህ ጥራው።

ማሩ