የአባትሽ አውራ ጣት

ቡሬ፣ ጥር 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያይኔአበባ ቢሰጥ
ኪየቭ፣ ሶቪየት ኅብረት

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እስከ ዛሬ በጻፍሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ስልሽ ኖሬአለሁ። ዛሬ አልልም። ደህና አይደለሁም፤ ያን ጊዜም ደህና አልነበርሁም።

ሆዴን እንደሚያመኝ ታውቂያለሽ። አንቺ ለትምህርት ከሄድሽ ወዲህ ባሰብኝ። በወር አንድ ሳምንት የነበረው ሁለት ሳምንት ሆነ። ሲነሣብኝ መሬት እይዛለሁ፣ ያስመልሰኛል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ደሙ አልቆም ብሎ የገና ዕለት ሰው ሁሉ ሲያስቀድስ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ዋርካ ሥር ቆሜ ዋልሁ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበራችን ሀብትነሽ ደግሞ ስብሰባ ቀረሽ ብላ በሰው ፊት አስነሥታ «አድኃሪ» አለችኝ። «እውነትሽን ነው፣ ወደፊት መራመድማ ካቃተኝ ቆየ» ብያት ተቀመጥሁ።

ጠበሉን ሰባት ሰባት ቀን ሦስት ጊዜ ገባሁ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አምስት ዓመት ሙሉ የወስፋት መድኃኒት አስዋጠኝ። እሱ ምን ያድርግ? ወንድ ነው፣ ያንቺ እኩያ ነው። «ሆዴን ይቆርጠኛል» ከማለት በቀር ምን ልበለው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት እኔን ነው።

በታኅሣሥ ፍኖተ ሰላም ሴት ሐኪም መጥታለች ሲሉ ሰምቼ ሄድሁ። ኩባዊት ናቸው። የምታስተረጉምላቸው ነርስ ጌጥነሽም ሴት ናት። ያን ቀን አፌ ተፈታ። የወሩንም፣ የመኝታውንም፣ ከአንቺ ወዲያ መውለድ እንቢ እንዳለኝም አንድ ሳላስቀር ተናገርሁ። ሐኪሟ እጄን ይዘው ሰሙኝ። በማህፀን ውስጥ መሆን የሚገባው ነገር ከማህፀን ውጭ በቅሎብሽ ይሆናል፣ እሱም በየወሩ ይደማል፣ ደሙ መውጫ ስለሌለው ውስጥሽን እያጣበቀ ያቆስልሻል አሉኝ። እርግጡ ግን ሆድ ተከፍቶ ካልታየ አይታወቅም። ደብረ ማርቆስ ወስደው ራሳቸው ሊከፍቱኝ ነው፤ ከከፋ ማህፀኔንም ያወጡታል። «ሞት አለበት ወይ?» አልኋቸው። ጌጥነሽ ጠይቃ ሰማቻቸው። ኋላ «አለበት፣ ብዙ ግን አይደለም» አለች። ሐኪሟ በየካቲት መጨረሻ አገራቸው ይገባሉ። ባል ሳይፈርም ደግሞ አይሆንም ተባልሁ።

አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው። እህቱ ወለተ ሐና ለእንቅርት ብላ በእግሯ ገብታ በቃሬዛ ከወጣች ወዲህ ኦፕራሲዮን ሲባል መስማት አይወድም። «በሽታው መኖሩ ሳይታወቅ ሆድ ይከፈታል? በግ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ለመንሁት። አለቀስሁበት። አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍሁት። በመጨረሻ «እንግዲያ ልጂቱ ትወስን። የተማረች እሷ ናት። ፈርም ካለችኝ እፈርማለሁ» ብሎ መንሹን አንሥቶ ወደ አውድማው ሄደ። ደብዳቤ አንቺ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ወር፣ መልሱ ለመምጣት ሁለት ወር። ይህን አላሰበውም፤ ወይ ደግሞ አስቦታል።

ስለዚህ ልጄ፣ ይህን የምጽፍልሽ ምን ላድርግ ብዬ ልጠይቅሽ አይደለም። አንቺ መልሰሻል።

ባለፈው ቅዳሜ የመስከረሙን ደብዳቤሽን ከሣጥኑ አውጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁና ከገበያ ስመለስ «ከልጅህ መጣ» አልሁት። እኔ ከመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ስቀበል እሱ ሐመሩ ሐ ላይ ሲደርስ በሬ ጠፋብኝ ብሎ የቀረ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ቴምብሩን ብቻ ነው። መደቡ ላይ ተቀመጠ። ስለ በረዶው የጻፍሽውን እያየሁ «አባዬ፣ እማን አሳክማት። እዚህ አገር ሆድ መክፈት የዕለት ሥራ ነው። ፈርምላት» ብዬ አነበብሁ። ውሸቴን እንዳያውቅብኝ ወረቀቱን ፊቴ ላይ አስጠግቼ ነበር።

ወረቀቱን በአገጩ እያመለከተ «እስቲ ድገሚው» አለኝ።

ያልሁትን ቃል በቃል መቼ ይዤው! ሁለተኛ ሳነበው ሌላ ሆኖ ወጣ፤ አንዳንዱ ረዘመ፣ «የዕለት ሥራ ነው» ያልሁት ጨርሶ ቀረ። አባትሽ ደግሞ የሰማውን የሚረሳ ሰው አይደለም፣ የዛሬ ዐሥር ዓመት ያልሁትን ነው ዛሬ የሚመልስልኝ። ቀና ብሎ እኔን እኔን አየኝ። «እንግዲህ ልጂቱ ካለች ምን አደርጋለሁ» አለ። ማክሰኞ አብሮኝ ሄዶ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ቶሎም አላነሣው፤ ጌጥነሽ «ይበቃል አባቴ» ብላ ነው እጁን የያዘችለት።

የፊታችን ሰኞ ደብረ ማርቆስ እገባለሁ። ፈርቻለሁ ልጄ። ማታ ማታ ሆዴን እየዳበስሁ ከዚህ ነው ከዚያ የሚቀድዱኝ እላለሁ። ግን እንዲህ ሆኜ ሌላ ዓመት መኖር አልችልም፤ አንድ ወር መድገምም አልችልም።

አንድ የምናዘዘው ኃጢአትም አለብኝ። ሐኪሟ ይህ ነገር ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳልና ሴት ልጅ አለሽ ወይ ቢሉኝ «አለችኝ፣ እሷ ጤነኛ ናት» አልሁ። ነገ ዘር ሲቆጠር ይህ ወሬ ባል ያሳጣሻል ብዬ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመትሽ ላይ ከጎተራው ጀርባ ተኮራምተሽ ስታቃስቺ አግኝቼሽ «ሴት ልጅ ችላ ነው የምትኖር፣ ተነሽ ውኃ ቅጂ» ያልሁሽ እኔ ነኝ። ተነሥተሽም ቀዳሽ። እናቴም ለእኔ እንዲሁ ነበር ያለችኝ፤ ሌላ አላውቅም ነበር። ይቅር በይኝ። እዚያው ተመርመሪ። እንደ እኔ ወስፋት ነው አትበዪ፤ ለራስሽ አካልም የማንንም ፊርማ አትጠብቂ።

አሁን የማዝሽን ስሚኝ። ከዳንሁ፣ ስትጽፊ «አባዬ፣ ስለ ሰማኸኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በይው፤ የማነብለት እኔ ነኝና ደስ እያለኝ አነብለታለሁ። ካልዳንሁ ግን ደብዳቤሽን የሚያነብለት ሌላ ሰው ነው። ያን ጊዜ አንቺ አንዲት ቃል እንዳልጻፍሽ፣ የቆረጥሁት እኔው እንደሆንሁ ንገሪው። ልጄ ናት ያስገደለቻት እያለ እንዳይኖር። የሚያውቀው ቢመስልሽም ንገሪው።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ፣ እህል ውኃው ይስማማሽ።

በገዛ እጇ የጻፈችልሽ፣
እናትሽ አቻምየለሽ