«በቅርቡስ?»

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ዲላ

የፈራሁት የቪዲዮ ኢንተርቪው ዛሬ አለፈ። ያመለከትኩበት የአሜሪካ የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ከመድኃኒቱ ሌላ በእጅ ዳስሶ ማከምንም ያስተምራል።

አከራዬ እትዬ አልማዝ ግድግዳው ነጭ ነው ብለው ሳሎናቸውን ለቀቁልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል።

ጠያቂዬ ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው። «ሰው በእጁ ነክቶሽ የተሻለሽ ጊዜ ነበር?» አለኝ። ደሴ ልጅ ሳለሁ እናቴ ሆዴን በቅቤ ታሸኝ እንደነበር ነገርኩት። ደስ አለው። ከዚያ «በቅርቡስ?» አለ።

አሰብኩ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ተመድቤ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ጓንት አጥልቄ አስተምራለሁ፣ መንገድ ላይ ሰላም ብዬ አልፋለሁ፣ ማታ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። አንድም ሰው ትዝ አላለኝም።

«ይቅርታ፣ ድምፅዎ ይቆራረጣል» አልኩት። ከመጀመሪያውም ሲቆራረጥ ስለነበር አመነኝና ወደ ሌላ ጥያቄ ሄደ። ያቺን ግን ጥርት አድርጌ ነው የሰማኋት።

ስጨርስ እትዬ አልማዝ ገቡ። «አለፍሽ?»

«ገና ነው፣ በኢሜይል ይነግሩኛል።»

ሊጨብጡኝ እጄን ያዙና «ውይ፣ በረዶ ሆነሻል እኮ!» አሉ። በሁለት እጃቸው ይዘው ያሹልኝ ጀመር። እስኪሞቀኝ ድረስ አልለቀቁኝም።

አሁን ዝናቡ አባርቷል፣ ኔትወርኩም ተስተካክሏል። ሽማግሌው ግን ይሄኔ ሌላ ሰው እየጠየቀ ይሆናል።