ድሬዳዋ ስላዘጋጀሽልኝ አልጋ

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለሰልማ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱ። እንደምን ከረምሽ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያ ጎኔን ይወጋኛል የምትይው ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ዓብዱረሕማንስ ደህና ነው? አሁንም ጉርሻውን ሳይውጥ ያወራል? ልጅሽ፣ የኔ ሙና፣ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት ወይስ እስካሁን እንደ እኔ ድዷን ነው የምታሳየው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንደ ስልኩ ጊዜ "ይዋሻሉ" እንዳትይ፤ የዛሬው እውነት ነው።

ወረቀት ያነሳሁበትን ምክንያት አታጪውም። በስልክ አታስጨርሺኝም። ኔትወርኩም ካንቺ ጋር አብሯል መሰለኝ፣ ልክ እኔ መናገር ስጀምር ይጠፋል። ፊደልን ከስኳር ጆንያና ከሳሙና ካርቶን ላይ ለለቀመ ሰው ደግሞ ጽሕፈቴ መጥፎ አይደለም፤ ብትስቂም ሳቂ።

"ክፍል አዘጋጅቻለሁ፣ አልጋ ገዝቻለሁ፣ ሐኪም ቤቱም ቅርብ ነው፤ መጥተው ይረፉ" ያልሽውን ደጋግሜ አሰብኩበት። ልቤማ ቀድሞኝ ሄዷል። ከወልድያ የሚመጣው አውቶብስ ሲገባ መናኸሪያው በር ላይ አልጠፋም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ "የሱቅ ዕቃ እየጠበቅሁ ነው" እላለሁ። በቀደም አንዲት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ስትወርድ የአንገቷ አያያዝ አንቺን መሰለኝና "ሰልማ!" ብዬ ጮህኩ። ዞር ብላ "እኔ ትግስት ነኝ አባቴ" አለችኝ። ከማፈሬ ብዛት ሻንጣዋን ተቀብዬ እስከ ቤቷ አደረስኩላት። ሰው ሁሉ ተሸካሚ የሆንኩ መሰለው።

እረፍትን ግን ሞክሬዋለሁ ልጄ። አምና ደም ብዛቱ ከጣለኝ በኋላ ሙኽታር ሱቁን ተረከበኝና "አባዬ፣ ከእንግዲህ እርስዎ አንድም ነገር አይነኩም" አለኝ። በፍቅር ነው ያለኝ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚመታበት ጥግ አልጋ ዘረጋልኝ፤ ውሃ ልቀዳ ስነሳ እንኳ ጣሳውን ይቀማኝ ነበር። መጀመሪያ ንጉሥ የሆንኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። እየቆየ ምግብ አስጠላኝ፣ እግሬ አበጠ፣ ከጎረቤት አውራ ዶሮ ጋር እስከ መጣላት ደረስኩ። ሐኪሙ ክኒን ጨመረልኝ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ግን ለምን እንደምነሳ አላውቀውም ነበር።

የእኛው የዋግ ዝቋላ ሰው ሩቅ ተጉዞ ሰቆጣ ገበያ ሲመጣ ስልቻውንና ዱላውን እኛ ሱቅ አስቀምጦ እንደሚሄድ ታስታውሻለሽ። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ እንዲያ ነው፤ የሚያስከፍል የለም፣ ደረሰኝ የሚጠይቅም የለም። ሙኽታር ያንን ጥግ ካርቶን ደርድሮበት "ቦታ የለም" ማለት ጀመረ። አንድ የገበያ ቀን ቅቤ ሻጯ ሸጌ ከጽጽቃ በኩል መጣች። "ቦታ የለም" ሲላት በአገሯ ቋንቋ በኽምጠኛ አንድ ነገር አጉረመረመች፤ እኔ ሰምቼዋለሁ፣ ለሙኽታር ግን አልተረጎምኩለትም። ቀጥ ብላ ግቢ ገባችና ስልቻዋንና እግሯ የታሰረ ዶሮ አልጋዬ ሥር አኖረች። "ሸጌ፣ አሞኝ ተኝቻለሁ እኮ" ብላት፣ "አያ ዓብዱልቃድር፣ ከተኙስ ተኝተው ይጠብቁልኛ! ዓይንዎን አላመመዎ!" ብላኝ ውልቅ አለች።

ብዙም ሳትቆይ ዶሮይቱ እስሯን ፈትታ ሮጠች። ምን ላድርግ? የሰው አደራ ነው። በዚያ ባበጠ እግሬ ተነሳሁና ተከተልኳት። የጎረቤታችንን የወለተጊዮርጊስን አጥር ዘለልኩት ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ሙኽታር ስላየኝ ግን እውነቱን ልናገር። በአጥሩ ቀዳዳ ልሾልክ ብዬ እዚያው ተቀረቀርኩ። ወለተጊዮርጊስ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ጎትታ አወጣችኝ፤ ዶሮይቱንም እሷው ያዘችልኝ። ከዚያ ዶሮዬን ታቅፌ ሸጌን ስጠብቅ ሆዴ ጮኸ። ራበኝ ሰልማ! ረሃብ እንዲህ ደስ ይላል ብሎ ማን ነገረኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ሸጌ ሌሎችንም አስከትላ መጣች። አሁን ግቢው በስልቻና በዱላ ይሞላል። የገበያ ቀን ከፈጅር ሶላት በኋላ አልተኛም፤ የእግሬም እብጠት ጎድሏል። ክኒኑን አልተውኩም፣ ጨውም ቀንሻለሁ፣ እንዳትጮሂብኝ። ዕድሜ በአላህ እጅ ነው፤ ሰበቡ ግን ማታ ተመልሶ "ዕቃዬን" የሚል ሰው ይመስለኛል።

ስለዚህ ለማረፍ አልመጣም። ይህን ስጽፍ እጄ ቀሎት እንዳይመስልሽ። አባትሽ ትንሽ ልጅ ሆነሽ ትቶሽ ሲያልፍ እዚህ ቤት ነው ያደግሽው፤ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ድምፅ የለውም። ሲመሽ በሩን ስዘጋ አሁንም "ሰልማ ገብታለች?" ልል አፌን እከፍታለሁ። እዚያ ብሆን ጠዋት ጠዋት ስትቆጪ እሰማሽ ነበር። ግን ልጄ፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ የሚያይ ሽማግሌ ታስታምሚያለሽ እንጂ የናፈቀሽን አጎትሽን አታገኚውም።

ይልቅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሙናን ይዘሽልኝ ነይ። ጥቂት ቀን ሰንብተሽ፣ ዓይኔን አጥግበሽልኝ ተመለሺ፤ እሷን ግን ክረምቱን ተይልኝ። መቼ መጥተሽ እንደምትወስጃት ብቻ ንገሪኝ። እስክትመጪ የትም አልሄድም።

ዓብዱረሕማንን ሰላም በይልኝ፤ አልጋውን እሱ ይተኛበት። አማትሽን ሐሊሜን አክብሬ ሰላም ብያለሁ። ሙናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሙኽታር ሰላም ብሎሻል። ወለተጊዮርጊስም ሰላም ትልሻለች፤ አጥሯን ግን እስካሁን አልጠገንኩላትም።

አጎትሽ ዓብዱልቃድር
ሰቆጣ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.