እስከ ደጃፍሽ የሚሸኝሽ

ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ከቀትር በኋላ
ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ

ይድረስ በባሕር ማዶ በሕሙማን ራስጌ ቆማ ለምታመሽ፣ ለምወድሽና ለማከብርሽ ልጄ፤

ጤናሽን እንደ ደንቡ አልጠይቅም፤ ዛሬም ደኅና ቤትሽ መግባትሽን አውቃለሁና። እንዴት እንዳወቅሁ የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ ስለ ሆነ በቦታው እደርስበታለሁ። እኔም ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ይግባኝ ቢጠይቅም እስካሁን አልፈቀድሁለትም።

ለኤምባሲው ምን ብዬ እንደ ጻፍሁ ደጋግመሽ ስትጠይቂኝ፣ «ነገሩ ሲያልቅ» እያልሁ አቆይቼሻለሁ። ባለቤትሽም አያውቅም ነበር፤ ፖስታውን አሽጌ ነውና የሰጠሁት። እነሆ አልቋል። ዛሬ ረፋዱ ላይ ፓስፖርቱን ተቀብሎ ሲመጣ ራሱ ሳይከፍተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ «አባባ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይዩት» አለኝ። እኔም መነጽሬን አድርጌ ቪዛው የተለጠፈበትን ገጽ ካገኘሁ በኋላ እንኳ፣ ዕድሜ ልኬን እንደ ለመድሁት፣ ስሙን ከስሙ፣ ቁጥሩን ከቁጥሩ፣ ማኅተሙን ከፊርማው ሳላስተያይ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም፤ እሱም ይህን ሁሉ ጊዜ እጁን አጣምሮ ቆሞ ጠበቀኝ። «ተፈቅዶልሃል» ስለው ብቻ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ልጄ፣ መንገዱ ምን ያህል እንደ ረዘመ አንቺም ታውቂዋለሽ። ባልሽን በስፖንሰርነት ለመውሰድ ካመለከትሽበት ቀን አንሥቶ ይህ ቤት የቀድሞ ቢሮዬን መስሎ ነበር፤ ከአንቺ በኩል የደመወዝሽ ማስረጃ፣ የግብርሽ ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውልሽ ሲሰበሰብ፣ ከእኛ በኩል የጋብቻው የምስክር ወረቀት ይተረጎማል፣ ትርጉሙ ይረጋገጣል፣ የተረጋገጠውም የሚያረጋግጥለት ሌላ ማኅተም ይፈለግለታል። በሕክምናው ምርመራም፣ ከወንጀል ነጻ በሚለው ማስረጃም ብዙ አልተንገላታንም፤ በአሻራው ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ዋልን፤ ቁልፍ ሲሞርድ የኖረ ጣት መስመሩ አልቆ መሣሪያው አልቀበል ብሎ ነበርና። ሠራተኛዋ ተሰላችታ፣ «አንተ ሰው፣ አሻራህን የት ጣልኸው?» ብትለው፣ «በየሰዉ ኪስ ውስጥ ነው ያለው፣ እመቤቴ» ብሎ ወረፋውን በሙሉ አሳቀው።

እኔ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ባገለገልሁበት ዘመን ሁሉ አባት ለልጁ፣ ባል ለሚስቱ ዋስ ሲሆን እየጻፍሁ ኖሬ፣ የገዛ ልጄ በሰው አገር፣ በላቧ ባገኘችው ደመወዝና በገዛ ፊርማዋ ለባሏ ዋስ ሆና ሳያት፣ ያንን ወረቀት ከሌሎቹ ለይቼ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሰፈሩ «አባ አንቀጽ» እያለ የሚቀልድብኝ በከንቱ አይደለም፤ ይህን አንቀጽ ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ ቀን ልውሰድሽ። ባለቤትሽ ብቻውን ልሂድ ብሎ በጨዋ ደንብ ለምኖኝ ነበር፤ እኔ ግን በችሎት ደጃፍ ያረጀሁ ሰው ሆኜ ልጄን ያገባ ሰው እንደ ወላጅ አልባ ብቻውን አይቆምም ብዬ፣ ከረባቴን አሥሬ ተከተልሁት። አዳራሹ ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ፣ ከፊት ለፊቱ በመስተዋት የተከለሉ መስኮቶች የተደረደሩበት ነው፤ ጠያቂዋ ከመስተዋቱ ወዲያ ተቀምጣ በድምፅ ማጉያ ስለምታነጋግር፣ በመስኮቱ ፊት የቆመ ሰው ጉዳይ የተቀመጠው ሁሉ ጉዳይ ነው። እኔም ከሁሉ ፊት ያለውን ወንበር መርጬ ልክ ከኋላው ተቀመጥሁ፤ ክንዴን ብዘረጋ ትከሻውን እነካው ነበር።

ጠያቂዋ ወጣትና ትሑት ሴት ነበረች። እንዴት ተዋወቃችሁ ብትለው፣ እዚህ ሳለሽ ትሠሪበት በነበረው ሆስፒታል የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ተሰብሮ ሲጠራ፣ አንቺ ባትሪ ይዘሽ እያበራሽለት እንደ ተዋወቃችሁ ሳያፍር ነገራት። ቀጥላ ግን፣ አሁን ከባለቤትህ ጋር በስንት ጊዜው ትነጋገራለህ፣ የምትነጋገሩትስ ስለ ምንድን ነው አለችው። ያን ጊዜ በከፊል ወደ እኔ ዞረ፤ ማጅራቱ ሲቀላ አየሁት።

«በሳምንት አንድ ቀን ነው» አለ። «ስለ ጤና እንነጋገራለን።»

ሌላስ ብትለው፣ ሌላ የለም አላት። እሷም አንገቷን ደፍታ ረዘም ላለ ጊዜ ጻፈች፤ እኔ ሰው ቃሉን ሲሰጥ ብዕር ሲረዝም ምን ማለት እንደ ሆነ ስለማውቅ፣ ወንበሩ ከሥሬ የሸሸ መሰለኝ።

አንቺ በበኩልሽ በሞላሽው ቅጽ ላይ፣ «በሥራ ቀን ሁሉ ይደውልልኛል፤ እስከ ደጃፌ የሚሸኘኝ እሱ ነው» ብለሽ ነበር። የአንድ ትዳር ሁለት ቃል ሆነ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የመጣውም ደብዳቤ፣ የባልና የሚስት ቃል ስላልተስማማ የትዳሩ እውነተኝነት አጠራጥሯል፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ከማስረጃ ጋር አጥጋቢ ማብራሪያ ካልቀረበ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል የሚል ነበር። የላክሽው የጥሪ ዝርዝር በየቀኑ መነጋገራችሁን ያሳያል፤ ታዲያ ባልየው ለምን ካደ? ዝርዝሩ ያንን አይመልስም፤ እንዲያውም ነገሩን ያባብሰው ነበር።

ባለቤትሽን ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው አባባ፤ ደንግጬ ነው» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ዝምታ ግን ሊነቅዝብን ምንም አልቀረውም ነበር። እኔ ምክንያቱን ስለማውቅ አልተጫንሁትም።

የእናንተን ክፍልና የእኔን የሚለየው ግድግዳ ከሳንቃ እንደ ሆነ ታውቂያለሽ። እዚህ ፀሐይ ከአሸንዳው ላይ ስትወጣ እዚያ እኩለ ሌሊት አልፎ፣ አንቺ ከመጨረሻው አውቶቡስ የምትወርጂበት ሰዓት ነው። እሱ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ያነጋግርሻል፤ የአንቺ ድምፅ አይሰማኝም፤ የእሱ ግን ያለ ፈቃዴ ጆሮዬ ይገባል። የተሰበረውን መብራት አለፍሽ ወይ ይልሻል፤ ከኋላሽ ያለው ሰው ተሻገረ ወይስ እየተከተለሽ ነው ይልሻል። ከዚያ ፍርሃቱን በድምፁ ሳያሳይ የደንበኞቹን ወሬ ይጀምርልሻል፤ በፎጣ ብቻ እንደ ሆነ በሩ የተዘጋበትን ሰውዬ፣ የገዛ መዝጊያዋን ሌባ ቆልፎብኝ ሄደ ብላ ያስጠራችውን አከራይ። በመጨረሻ ዝም ይላል። ደጃፍሽ ደርሰሽ ቁልፉን ከውስጥ እያዞርሽ ነው ማለት ነው። ከዚያም እንዲህ ይላል፦

«አንድ ዙር ብቻ ነው የሰማሁት፤ ድገሚው። እሺ፣ አሁን ተኚ።»

ይህን ብሎ ነው ፊቱን ታጥቦ ወደ ሱቁ የሚወርደው።

አንድ ቀን ደግሞ፣ «ለአባባ አልነግርም ብያለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው» ሲልሽ ሰማሁ። በጨለማ ብቻሽን እንደምትሄጂ፣ እንደምትፈሪም እንዳላውቅ፣ እንዳላስብ ብለሽ ነው። እሱም በዚያ መስኮት ፊት ቆሞ፣ እኔ ከኋላው ተቀምጬ፣ ያንቺን አደራ ከሚያፈርስ ይልቅ በመንግሥት ፊት ሚስቱን በሳምንት አንድ ቀን የሚያስታውስ ደካማ ባል መስሎ መታየትን መረጠ። እኔም የባልና የሚስትን ነገር አባት አይሰማም ብዬ፣ በየቀኑ ቁርስ ላይ ምንም እንዳልሰማ ሰው ስለ አየሩ እጠይቀው ነበር። ሦስታችንም አንዳችን ለሌላችን ስንል በያዝነው ይሉኝታ ቤቱን ልናፈርሰው ነበር፤ ሊያድነው የሚችለው ምስክር ደግሞ አንድ ብቻ ሆነ። ያውም በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሌላውን ሰው ቃል ሲጽፍ ኖሮ የራሱን ቃል ሰጥቶ የማያውቅ ሰው።

ጻፍሁ። ከጋብቻ ታሪክ ጀምሬ፣ ስለ ታማኝነት ባሕርይ አትቼ፣ በምሳሌ አስጊጬ አንድ ሙሉ ጥራዝ አድርጌ፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት አጠገብ ወዳለችው አስተርጓሚ ወሰድሁት። እጇ ላይ መዘነችውና፣ «አባባ፣ ይሄ መጽሐፍ ነው፤ እነሱ የሚያነቡት አንድ ገጽ ነው» አለችኝ። ስለ መግቢያው አስፈላጊነት ተከራከርኋት። እሷ ግን ፈገግ ብላ፣ «ዝም አይነቅዝምን ብተረጉምላቸው፣ የነቀዘው እህል የት አለ ብለው ሌላ ደብዳቤ ይልኩልዎታል» አለች። ጥራዙን ወደ ጎን ገፍታ፣ «ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይንገሩኝ» ስትለኝ፣ እኔ ለስንቱ ምስክር እንዲህ እያልሁ እንደ ኖርሁ ትዝ አለኝ። ነገርኋት፤ ጻፈች። ስለ ቁልፉ ዙር ስደርስ ጣቷ ከኮምፒውተሩ መምቻ ላይ ቆመ፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና፣ «ይሄንንስ እንደ ወረደ ነው የምተረጉመው» አለች።

የላክሁት ቃል ይህ ነው፦

«የሚስቲቱ አባት ነኝ። ከልጄ ባል ጋር በአንድ ቤት እኖራለሁ። በሥራ ቀን ሁሉ፣ ልጄ ከሥራ ስትመለስ፣ ባሏ በስልክ እያነጋገረ ቤቷ ያደርሳታል። በሩን መቆለፏን በጆሮው ሳይሰማ አይዘጋም። በግድግዳ በኩል እሰማዋለሁ። መስማቴን ነግሬያቸው አላውቅም። በቃለ መጠይቁ ቀን ሌላ የተናገረው እኔ ከኋላው ስለ ተቀመጥሁ ነው። ልጄ ፍርሃቷን ለአባቴ አትንገርብኝ ብላው ነበር፤ አልነገረም። እኔ ቤት ቀርቼ ቢሆን ኖሮ እውነቱን ይነግራችሁ ነበር።»

ይኸው ነው። ብዙ ጽፌያለሁ፤ ከዚህ አጭር የጻፍሁበትን ቀን ግን አላስታውስም፤ ከዚህ የበለጠ የኮራሁበትንም።

ዛሬ፣ ፓስፖርቱ በመካከላችን እንዳለ፣ ለባለቤትሽም አነበብሁለት። «አባባ፣ ታዲያ ሁሉንም ይሰሙ ነበር?» አለኝ።

«ቀልዶችህን ሳይቀር» አልሁት። «ባለ ፎጣው ጥሩ ነው። አከራይዋን ግን ሦስት ጊዜ አምጥተሃታል።»

ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ሲስቅ፣ ወይም የሚስቅ መስሎኝ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ዓርብ ይነሣል። አውሮፕላን ማረፊያ አልሄድም፤ ከኋላው ተቀምጬ ያየሁት ይበቃኛል። አንድ ምክር ብቻ ስሚኝ፤ ቋንቋው እስኪፈታለት ድረስ ሰው ሲጠይቀው ቀድመሽ አትመልሺለት፤ ተንተባትቦም ቢሆን ራሱ ይመልስ። ለሙያው ፈቃድ እስኪያገኝ ሥራ ፈትቶ ቢከፋው፣ የሰፈርሽን የተበላሸ መቆለፊያ ሁሉ አሳዪው። ስለ እኔ የምትጠይቁኝ ነገር ካለ መልሱ አስቀድሞ ደኅና ነው። ወደፊት እኔንም እንደምታስመጪኝ መናገርሽን ነግሮኛል፤ አስቢበት እንጂ አትቸኩዪ፤ የእኔ ማመልከቻ ጊዜ ይጠብቃል።

ይህን ስጽፍ ባለቤትሽ ገብቶ ስልኩን አምጥቶ ነበር። እዚያ ሌላ እገዛለሁ፣ ይሄ እርስዎ ጋ ይቅር ይላል። ከእንግዲህ ከአውቶቡሱ ራሱ ስለሚቀበልሽና አብራችሁ ስለምትገቡ የሚጠየቅም የሚደመጥም ነገር እንደሌለ በሚገባ አስረዳሁት። የጥሪውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው፤ የአንቺን ስም ከሁሉ በላይ አስቀመጠው፤ ከደብዳቤዬ አጠገብ አኑሮት ወደ ሱቁ ወረደ። ስልኩን አልመለስሁለትም።

ያለ ሰው የሄድሽበትን መንገድ ፈጣሪ በሰው ይካስሽ። እጃችሁ የነካው ይጽና፤ ዋስትናሽ አያሳፍርሽ፤ ከምትገቡበት ቤት በውስጥ ሆኖ የሚከፍትላችሁ አይታጣ።

ሁልጊዜ የሚኮራብሽ
አባትሽ