ቀይዋ መኪናዬና የላኤርቴ ኮሺኛ

ማርች 3
ሙቀቱ አይጣል ነው። ሚስቴ ኔውዛ ቬንትሌተሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርድልኝ አለች። ከኋላው ካርቶን... ቀይዋ የውድድር መኪናዬ! መዳፍ የምታህል፣ በኤሌክትሪክ የምትሮጥ መጫወቻ። ሆዷ ስር ያለችው፣ ትራኩ ላይ ቦይ ውስጥ የምትገባው ምላሷ እንኳ አልተሰበረችም። መቆጣጠሪያውን ያዝኩ፤ ጣቴ በራሱ ጊዜ ይጫን ጀመር። ቬንትሌተሩን ረሳሁት።

ኔውዛ መጥታ አየችኝ። በስልሳ ሁለት ዓመትህ? ብላ ሄደች።

ማርች 4
ለምን እንደተውኩት ልጻፈው እስቲ። በክለባችን ሕግ ተወዳድሮ የጨረሰ ሰው ለሚቀጥሉት አንሺ ይሆናል፤ መታጠፊያው ጋ ቆሞ ከቦይዋ የወጣችን መኪና ይመልሳል። የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት፣ ለዋንጫው ስንፎካከር፣ መኪናዬ አንሺው ላኤርቴ ፊት ከቦይዋ ወጣች። ላኤርቴ... የልብ ጓደኛዬ፣ የኔውዛ ወንድም። በእጁ ኮሺኛ ይዞ ነበር። ዶሮ የተሞላውን የሊጥ ጥብሱን አኝኮ፣ ውጦ፣ ጣቱን ልሶ፣ ከዚያ አነሳልኝ። ተሸነፍኩ።

ይኸው እስከ ዛሬ ተኳርፈናል። በየገናው አንድ ገበታ እንቀርባለን። ጨው ሲፈልግ ለኔውዛ ይነግራታል፣ ኔውዛ ለእኔ።

አሁን ደግሞ ለስልሳኛ ልደቷ ስጦታ አልፈልግም ትላለች። "ከወንድሜ ጋር ታረቁልኝ። ሌላ ምንም።"

መጀመሪያ እሱ ይቅርታ ይጠይቃ!

ማርች 10
ክለቡ ሄድኩ። ያው ከጎማ ቤቱ በላይ። ሁሉም ሸብተዋል። ላኤርቴም አለ... ለካ አንድም ሳምንት አላቋረጠም። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ብቻ ስድስት ጊዜ ወጣሁ። እሱ ጣራ ጣራውን እያየ ያፏጫል። እልህ ያዘኝ።

ማርች 14
ጎማዎቿን በኔውዛ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አጸዳሁ። ጠርሙሱ አለቀ። እራት የለም ተባልኩ።

ማርች 17
ጉድ ነው። ዛሬ ከላኤርቴ ጋር ተመደብኩ። እኔ የውስጠኛው ቦይ፣ እሱ የውጪው። ሁለተኛው ዙር ላይ ተጋጨንና ሁለታችንም ወጣን። አንሺው ሽማግሌው አዳልቤርቶ ነበር፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መለሰልን። ከዚያ ቀይዋ በረረች! አንድም ጊዜ አልወጣችም። የላኤርቴ ሰማያዊ በየመታጠፊያው ትገለበጣለች። እኔ እጮሃለሁ፣ እዘላለሁ...

ሲያልቅ የክለቡ ሊቀመንበር ኢቮኒ ፊሽካ ነፋች። ለካ አዳልቤርቶ መኪኖቹን ቦይ አቀያይሮ አስቀምጦልናል። መቆጣጠሪያችን የተገናኘው ከየቦያችን ጋር ነው፤ መኪና የሚታዘዘው ለገባበት ቦይ ነው። ቀይዋን ሲያበርራት የነበረው ላኤርቴ። የእሱን ሰማያዊ ስገለብጥ የነበርኩት እኔ። እና ማን አሸነፈ? መኪናዬ አንደኛ ወጣች፣ እኔ መጨረሻ።

ላኤርቴ ወደ እኔ ዞረ። "እጅህ ዛሬም አይረባም። መኪናህ ግን... እንዲህ ያለች ነድቼ አላውቅም።"

ኮሺኛውስ? አልኩት። ሌላ ቃል ከየት ይምጣልኝ?

"ትኩስ ነበር።" ቀይዋን አንስቶ ሰጠኝ። "ደግሞ ቀንቼብህ ነበር። ይቅር በለኝ።"

ዓይኔ እንባ አቀረረ። የጎማዎቿ ማስለቀቂያ ሽታ ይሆናል።

ማርች 25
የኔውዛ ልደት። ላኤርቴ በጠዋት መጣ። ማን አሸነፈ የሚለውን እስከ ምሳ ተከራከርን። ኬኩን ብቻዋን ቆረሰች። ኩርፊያችሁ ይሻለኝ ነበር አለች... ግን ትስቃለች።

ምሳ ላይ ላኤርቴ ኔውዛን አልፎ እኔን አየኝ። "ጨዉን አቀብለኝ።"

ሰማሁት። በእጄ ኮሺኛ ይዤ ነበር። አኘኩ፣ ዋጥኩ፣ ጣቴን ላስኩ። ከዚያ አቀበልኩት።